የእትዬ ዘነበች ረጅሙ እሑድ

አየለች ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሻጭ ናት። የምትደውልልኝ ጥሩ ቆሮሶ ዓሣ የወጣ ዕለት ብቻ ነው፤ «ደረጀ፣ ሰው ሳይወስደው ቶሎ ና» ትልና ትዘጋዋለች። የዛን ዕለት ጠዋት ግን ስለ ዓሣ አላነሳችም።

«ቁርስ በላህ?» አለችኝ።

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው ብላ። በኋላ እደውላለሁ።»

በእኛ አገር በማለዳ ደውሎ ቁርስ መብላት አለመብላትህን የሚጠይቅ ሰው መርዶ ይዟል ማለት ነው። ሆዱ ባዶ ለሆነ ሰው ሞት አይነገርም። በልቶ፣ ጠጥቶ፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ሲኖር ነው የሚረዳው። ዳቦውን በእጄ እንደያዝኩ መልሼ ደወልኩና «እትዬ ዘነበች ናቸው?» አልኳት። አየለች «መጀመሪያ ብላ አልኩህ» አለችኝ። ገባኝ። ከታመሙ ገና ብዙም አልሰነበቱም ነበር።

አርባቸው ባለፈው ሳምንት ወጣ። ከዛ ወዲህ ሰው ባገኘኝ ቁጥር «ያቺ ሐይቅ ውስጥ የምትዋኘው አሮጊት ሞተች አሉ» ይለኛል። «አሮጊት» የምትለዋ ቃል ታናድደኛለች። እሳቸውን አሮጊት ያለ ሰው አብሯቸው ደረጃ ወጥቶ አያውቅም።

እትዬ ዘነበች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥነ ሕይወት መምህርት ነበሩ፤ እኔ ለብዙ ዓመታት ቢሮ ተጋርቻቸዋለሁ። ትውልዳቸው ደብረ ማርቆስ ነው። በወጣትነታቸው ሐዋሳ ተመድበው መጡና በዛው ቀሩ። ባለቤታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል፤ አንዲት ልጃቸው ትዕግሥት አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። እትዬ ቁመታቸው አጠር፣ አካሄዳቸው ፈጠን ያለ ነበር። መነጽራቸው ዘወትር ግንባራቸው ላይ ነው። እዛው ላይ ሰክተውት ጠረጴዛውን ሲያተራምሱ እያየሁ ዝም እላለሁ፤ የቢሮ ሥራ አሰልቺ ነው፣ ሰው የሚስቅበት ነገር ያስፈልገዋል።

አንድ አነጋገር ነበራቸው። ተማሪ መጥቶ መብራት ጠፍቶብኝ፣ አሞኝ፣ አያቴ ታመው ብሎ ሲደረድር እጃቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው እስከ መጨረሻው ይሰሙታል። ሲጨርስ «እሺ፣ ከዛስ?» ይላሉ። በቁጣ አይደለም። የምር ቀጥሎ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ማወቅ ስለሚፈልጉ ነው። ተማሪው ለዚህ መልስ አላዘጋጀም፤ ቆም ብሎ ያስባል፣ ብዙ ጊዜም ሄዶ ይሠራዋል። እኔንም ስንት ጊዜ አፌን አስይዘውኛል መሰላችሁ።

የማስተማር ሥራቸው ግማሹ ሐይቁ ነበር። ተማሪዎች ይዘው በጀልባ ይወጣሉ፣ ውሃ በጠርሙስ ይቀዳሉ፣ ቤተ ሙከራ አምጥተው በአጉሊ መነጽር ያዩታል። ያን ሁሉ ዘመን እንዲህ ሲመላለሱ እግራቸውን እንኳን ውሃው ውስጥ ነክረው አያውቁም። አንድ ቀን ጀልባ ላይ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ውስጡ ሲገቡበት ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እትዬ መልስ አፋቸው ላይ ሊያደርሱ ሲሉ አጡት። ቢሮ ተመልሰው ተቀመጡና «ደረጀ፣ በጠርሙስ ብቻ ነው የማውቀው እኮ» አሉኝ። ጡረታቸው በተቃረበበት ጊዜ ነበር።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? እኔ ጨረቃን በመስኮት ብቻ ነው የማውቃት» አልኳቸው።

«እሺ፣ ከዛስ?» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ይዘውኝ ሄዱ። እኔ የሄድኩት ዓሣ ጥብስ እበላለሁ ብዬ ነው። እሳቸው ከቀሚሳቸው ሥር ሙሉ እጅጌ ያለው ጥቁር ሹራብና ጥብቅ ያለ ሱሪ ለብሰው መጥተው ኖሯል። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ማራገፍ ትተው ማየት ጀመሩ። የዓሣ ትራፊ የሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ እንኳን አንገታቸውን ያዞሩ መሰለኝ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ወድጄ ነበር።

እትዬ ቀሚሳቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው የት እንደሚያስቀምጡት ግራ ገባቸው። መሬቱ የዓሣ ቅርፊትና ጭቃ ነው። ያን ጊዜ ነው እማማ ማርታን ያወቅናት። ማርታ ከቡሹሎ እየተመላለሰች ዓሣ የምትሸጥ፣ ዕድሜዋ ከእትዬ ከፍ የሚል የሲዳማ እናት ነበረች። አማርኛዋ ጥቂት ነው፣ ሳቋ ግን ብዙ። ከተቀመጠችበት እጇን ዘረጋችና ቀሚሱን ተቀበለቻቸው። አጣጥፋ ንጹሕ ላስቲክ ውስጥ ከተተችው፣ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ሂጂ። ልብስሽ እኔ ጋ ነው» አለቻቸው።

እትዬም ሄዱ። ጉልበታቸው ድረስ፣ ወገባቸው ድረስ፣ አንገታቸው ድረስ ገብተው ቆሙ። ያን ዕለት ከዛ አላለፉም። ሲወጡ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ «ለካ ሽታው ከውስጥ ሌላ ነው» አሉኝ። ማርታ ላስቲኩን ከፍታ ቀሚሱን ስትሰጣቸው ደረቅና ሞቅ ያለ ነበር።

ከዛ በኋላ ቅዳሜም እሑድም፣ ትንሽ ቆይቶም በየጠዋቱ ሆነ። አንድ ዓሣ አጥማጅ የጀልባውን ጠርዝ አስይዞ እግር ማወራጨት አስተማራቸው። ዓሣ አጥማጁ ይቀዝፋል፣ እትዬ ጠርዙን ይዘው ይንሳፈፋሉ፣ እኔ የመንሳፈፊያ ጃኬት እስከ አገጬ ቆልፌ ጀልባው መሃል እቀመጣለሁ። ምን እንደምሠራ አትጠይቁኝ። ውሃ እፈራለሁ፤ ከማዘወትረው የሐዋሳ ፒያሳ ካፌ ርቄ ስሄድ ጤና አይሰማኝም። «እትዬ፣ ጉማሬስ?» እላለሁ። «ጉማሬው የራሱ ሰፈር አለው፣ እኔም የራሴ» ይላሉ። አንድ ቀን ጠርዙን ለቀቁት። ጀልባው ወደፊት ሄደ፣ እሳቸው ወደኋላ ቀሩ፣ አልሰመጡም። ስጮህ ዓሣ አጥማጁ ሳቀብኝ።

ከመዋኘቱ ጋር ብስክሌት መጣ። ሐዋሳ ሜዳ ነው፣ ብስክሌት የማይነዳ ሰው ብርቅ ነው፤ ቢሆንም የሸበተች ሴትዮ ቆብ አድርጋ ባጃጅ ስትቀድም የባጃጅ ሾፌሮች አልወደዱትም። ሁለት ጊዜ ወድቀው ክርናቸው ተልጦ ቢሮ መጡ። «አጥንት ቢሰበርስ?» አልኳቸው። ምን እንዳሉኝ ታውቁታላችሁ። ሩጫውን በታቦር ተራራ ግርጌ ጀመሩት፤ መጀመሪያ እርምጃ ነበር፣ ቀስ በቀስ ሶምሶማ ሆነ።

ሦስቱን ሳያቋርጡ አከታትሎ መጨረስ ትራያትሎን እንደሚባል እኔ ያወቅሁት ከተማው ውስጥ ረጅሙ ዓይነት በሚቀጥለው ዓመት ሊካሄድ ነው የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ነው። ስፖርት የሚወዱ ወጣቶች ያዘጋጁት ነበር። መነሻው ማለዳ ከሐይቁ ዳር ነው። ከውሃ ተወጥቶ ብስክሌት፣ ከብስክሌት ተወርዶ ሩጫ፣ መጨረሻውም እዛው ሐይቁ ዳር። ደንቡ ቀላል ነበር፤ ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ካሉት ተራሮች ጀርባ ሳትገባ የደረሰ ይመዘገብለታል፣ ከገባች በኋላ የመጣ አይመዘገብለትም። እትዬ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ስለነበር አንዴ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

ትዕግሥት ስትሰማ ደወለች። እትዬ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ድምፁን ከፍ አድርገውት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«እማዬ፣ አብደሻል? ሰው ምን ይላል ብለሽ እንኳን አታስቢም? ውሃ ውስጥ አንድ ነገር ብትሆኚ እኔ ከዚህ ምን አደርጋለሁ?»

«ምን እሆናለሁ?»

«እሱን ነው የማላውቀው። እንቅልፍ አጣሁ። ጡረታ ወጥተሻል፣ እኔ ቤት ክፍል አለሽ፣ ልጆቼ ይፈልጉሻል፤ እኔ ጋ ነይ ስልሽ ስንት ዓመቴ?»

«አዲስ አበባ ምን ውስጥ ልዋኝ? ሳፋ ውስጥ?»

ትዕግሥት አልሳቀችም። «እሺ፣ እንስማማ» አለች። «ይሄን ነገር ከጨረስሽ ሁለተኛ ቃል አልናገርሽም። እዛው ሐይቅሽ ጋ ኑሪ። ካልጨረስሽ ግን ዕቃሽን ጠቅልለሽ ወደ እኔ ትመጫለሽ።»

እትዬ ወደ መስኮቱ አዩ። ከመስኮታችን ሐይቁ አይታይም፣ የባሕር ዛፍ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። «ይሁን» አሉ። እኔ «እንዴ!» ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ቃል ከሰጡ ሰጡ ናቸው። ተማሪ በተነገረው ቀን ካላስረከበ አይቀበሉም፤ ራሳቸውም ውጤት በተናገሩት ቀን ሳይለጥፉ ቀርተው አያውቁም። ስለዚህ እሳቸው ከሐዋሳ ሊነቀሉ የሚችሉበትን ጉዳይ በአንዲት ቃል ለውርርድ ማቅረባቸው አስፈራኝ። ያለ እሳቸው ያን ቢሮ አስቤው አላውቅም ነበር። ጡረታ ከወጡም በኋላ ጠረጴዛቸውን ማንም አልነካባቸውም፤ በየጠዋቱ ከሐይቁ ሲመለሱ ፀጉራቸው እንደረጠበ ብቅ ይሉ ነበር።

ከዛ በኋላ ያለው ዓመት ሥራ ብቻ ነው። ጾም ሲሆን በሽሮና በጎመን፣ ፍስክ ሲሆን ማርታ በምትመርጥላቸው ዓሣ እየበረቱ ሄዱ። ለመንገድ ስንቃቸው ጭብጦ ነበር፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በውሃና በጨው ለውሰው እንደ እንቁላል ድቡልቡል አድርገው በፌስታል ይይዛሉ። ወጣቶቹ ተወዳዳሪዎች የሚያብረቀርቅ ወረቀት ቀድደው የሚበሉት ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እትዬ ፌስታላቸውን ሲፈቱ ግን ሁሉም እጁን ይዘረጋል። ማርታ በየጠዋቱ ልብሳቸውን ትቀበላለች፣ በየጠዋቱም «ልብስሽ እኔ ጋ ነው» ትላለች። ሁለቱ ሴቶች ረጅም ወሬ ሲያወሩ አላየሁም። ቋንቋውም አይበቃቸውም። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ማርታ ዓሣ ትገፍፋለች፣ እትዬ ፀጉራቸውን ያደርቃሉ፤ በቃ። ትውውቃቸው ይሄ ነው ብሎ ለሰው ለማስረዳት ያስቸግራል፤ ግን ማርታ ገበያ ያልመጣች ዕለት እትዬ ውሃ አይገቡም ነበር። «ሰው ልብሱን ሰጥቶት የሚሄደው ሰው ያስፈልገዋል» ይሉኝ ነበር።

ውድድሩ ሊደርስ ሲል ማርታ ታመመች። ከዛ ውድድሩ እሑድ ሊሆን ቅዳሜ ዕለት አረፈች።

ዓሣ ሻጮቹ መርዶው ለእትዬ እንዳይነገር ወሰኑ። እዚህ ላይ የእኛን ሰው ጠባይ የማያውቅ ይፈርድብን ይሆናል። መንገደኛ ሰው፣ ፈተና ላይ ያለ ሰው፣ አራስ ሴት መርዶ አይሰሙም፤ ነገሩ ሲያልፍ፣ ሲበሉ፣ ሲያርፉ ነው። «ከጨረሱ በኋላ እኛው እንነግራቸዋለን» አለች አየለች። ሁላችንም ልክ ነው አልን። ቀብሩ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ቡሹሎ ነው። የብስክሌቱ መንገድ ከከተማው ወጥቶ በቡሹሎ በኩል እየተመላለሱ የሚዞሩት መሆኑንም ሁላችንም እናውቃለን። ሁለቱን አንድ ላይ ያሰበ ሰው ግን አንድም አልነበረም።

እሑድ ማለዳ ሐይቁ ለጥ ብሎ ነበር። ትዕግሥትም ከአዲስ አበባ መጥታ ዳር ላይ ቆማለች። እትዬ የላስቲክ ቆባቸውን አድርገው ቀሚሳቸውን በእጃቸው ይዘው ዓሣ ሻጮቹ ወደሚቀመጡበት ሄዱ። የማርታ ቦታ ባዶ ነው።

«ማርታ አልተሻላትም?» አሉ።

አየለች ቀሚሱን ተቀበለቻቸው። «ዛሬ አትመጣም» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። እትዬ ትንሽ ቆመው ጠበቁ። አየለች ቀሚሱን አጣጥፋ ላስቲክ ውስጥ ከተተችው። ያችን የማርታን የተለመደች ቃል ለማለት አፏ አልታዘዛትም መሰለኝ። እትዬም «ማታ ሄጄ እጠይቃታለሁ» ብለው ወደ ውሃው ገቡ።

ከጀልባው ላይ ሆኜ ተከተልኳቸው። ወጣቶቹ ውሃውን እየደበደቡ ሄዱ፤ እትዬ ተረጋግተው አንድ እጅ፣ አንድ ትንፋሽ እያሉ ከኋላ ቀሩ። ያን ሁሉ ርቀት አንዴም ጀልባውን አልያዙም። ሲወጡ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ ከመጨረሻው ሁለተኛ ናቸው። ከኋላቸው የነበረው ልጅ ጀልባ ላይ ወጥቶ ቀርቷልና እንግዲህ መጨረሻ ሆኑ ማለት ነው። ብስክሌታቸው ላይ ሲወጡ ጭብጦ አጎረስኳቸው። እኔም ውሃና ስንቅ ይዤ በባጃጅ ከኋላቸው ተከተልኩ።

ሲነዱ ያምራሉ። ጀርባቸውን ጎንበስ አድርገው፣ ጉልበታቸው ሳይወዛወዝ። ፀሐይዋ ወደ አናት ስትወጣ አስፋልቱ ጋለ፣ እሳቸው ግን ከነበሩበት ፍጥነት ዝቅ አላሉም። በዚሁ ከሄዱ ለሩጫው በቂ ጊዜ ይኖራቸዋል ብዬ ልቤ መደሰት ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ቡሹሎ መታጠፊያው ላይ ሰልፉ የወጣብን።

ሬሳውን የተሸከሙት ፊት ፊት፣ መዝሙር የሚዘምሩት ከኋላቸው፣ ሴቶቹ ከእነሱ ኋላ። መንገዱን ሞልተውታል። በእኛ ወግ ቀብር ሲያልፍ ያየ ሰው ይቆማል፤ መኪናም ይቆማል፣ ፈረሰኛም ይወርዳል። እትዬም ከብስክሌታቸው ወረዱ፣ ቆባቸውን አወለቁ፣ መንገድ ዳር ቆሙ። የማያውቁት ሰው ቀብር መስሏቸው ነው። እኔ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ «በስመ አብ» እላለሁ።

ሴቶቹ ሲደርሱ አየለችን አዩዋት። ከእሷ ጎን ያለችውንም ዓሣ ሻጭ፣ ከዛ ቀጥሎ ያለችውንም። የአሞራ ገደል ሴቶች በሙሉ ጥቁር ለብሰው እያለፉ ነው። እትዬ የአየለችን ክንድ ያዙ።

«ማናት?»

አየለች ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

እትዬ ብስክሌቱን ሣሩ ላይ አጋደሙት። ወርጄ ሮጥኩላቸው። ለመያዝ ነው እንጂ ምን ልል እንደሆነ አላውቅም። «እትዬ፣ እኛ እንዳይረበሹ ብለን ነው... ሰዓቱ... ትዕግሥት እየጠበቀች ነው...» ብዬ ቀባጠርኩ። አላዩኝም። ረጋ ብለው ነበር፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ የሚያጽናኑ እሳቸው ይመስሉ ነበር።

«ልብሴን ስንት ጊዜ ጠበቀችልኝ» አሉ። «ዛሬ እኔ ቆሜ ልጠብቃት።»

በዛ ጥቁር ጥብቅ ልብስ፣ ቁጥር በተጻፈበት ደረት፣ ከሴቶቹ መሃል ገብተው ሄዱ። አንዲት ሴት ከራሷ ላይ ነጠላ አውርዳ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። እስከ መቃብሩ ሄዱ። አፈር ሲለብስ ቆሙ፤ ጸሎቱ በሲዳምኛ ሲደረስ ቆሙ፤ ቤተሰቡን አንድ በአንድ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ። ምንም ነገር አላቻኮሉም። እኔ ፀሐይዋን እያየሁ ሰዓት እቆጥር ነበር።

ሲጨርሱ ነጠላውን ለሴትዮዋ መልሰው፣ ወዳጋደሙት ብስክሌት ተመልሰው፣ ከቆሙበት ቦታ ላይ ተነሡ። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመሩት። እያለቀሱ ነዱ። ባጃጁ ውስጥ ያለው ሾፌር «እኔ ልመልሳቸው?» አለኝ። «ሞክርና እይ» አልኩት።

ሩጫው ላይ የነበረውን ስቃይ አልዘረዝረውም። ሌሎቹ ከጨረሱ ቆይተዋል፤ የሚያጨበጭበውም ሰው ወደ ቤቱ ሄዷል። አንዳንዴ ይሮጣሉ፣ አንዳንዴ ይራመዳሉ፣ አንዳንዴ ዛፍ ይዘው ይቆማሉ። የመጨረሻው መንገድ ላይ ሐይቁ ከሩቅ ሲታይ ፀሐይዋ ማዶ ያሉትን ተራሮች ነክታ ነበር። አጠገባቸው እየሄድኩ መናገር አልፈልግም ነበር፤ ግን አመለጠኝ።

«እትዬ፣ ልትገባ ነው። አይደርሱም።»

«እሺ፣ ከዛስ?» አሉ።

እውነት እላችኋለሁ፣ ያን ጊዜ ነበር የአነጋገራቸው ትርጉም የገባኝ። ፀሐይዋ ገባች። እሳቸው መሮጣቸውን ቀጠሉ።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ጀምበሯ ጠልቃ ሰማዩ ገና ቀይ ነበር። አዘጋጆቹ ገመዱን እየጠቀለሉ ነው። ትዕግሥት ከጠዋት ጀምሮ እዛው ነበረች፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማለች። ከእሷ ኋላ ደግሞ ያላሰብኩት ነገር አየሁ። የአሞራ ገደል ሴቶች ከቀብር መልስ በቀጥታ መጥተው፣ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ እንዳጣፉ፣ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ተቀምጠዋል። ሐዘን ላይ ናቸው፤ እልል አይሉም፣ አያጨበጭቡም። እትዬ ብቅ ሲሉ ሁሉም አንድ ላይ ብድግ አሉ። ሌላ ነገር አላደረጉም። እትዬ በመሃላቸው እስኪያልፉ ድረስ ቆሙላቸው፤ የእግራቸው ኮቴ ብቻ ይሰማ ነበር።

ሰዓት የሚይዘው ልጅ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደንቡ...»

«አውቃለሁ ልጄ። ስትገባ አይቻታለሁ። አትመዝግበኝ።»

ወደ ትዕግሥት ዞሩ። «ነገ እጠቀልላለሁ» አሏት። «ቃል ሰጥቻለሁ።»

ትዕግሥት መልስ ሳትሰጥ አየለች ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ላስቲኩን በሁለት እጇ ይዛለች። ቀኑን ሙሉ ቀብር ቦታ ድረስ በብብቷ ይዛው እንደዋለች ኋላ ነው የሰማሁት። ሌላ ጊዜ እትዬን «እርስዎ» ነው የምትለው። የዛን ምሽት ግን በማርታ አፍ ተናገረች።

«ልብስሽ እኔ ጋ ነው።»

እትዬ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ቀሚሱን ፊታቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ። ሴቶቹም ከበቧቸውና አብረው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ የባጃጁ ሾፌር እንኳን ከንፈሩን እየመጠጠ ፊቱን ያዞር ነበር። ትዕግሥት ብቻ ቆማ ታያለች። እናቷን ከዚህ በፊት ያላየቻት ይመስል ነበር።

በማግስቱ ልሰናበት ቤታቸው ሄድኩ። ሻንጣው ሳሎን መሃል ተከፍቶ ትዕግሥት ልብስ ታጣጥፋለች። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ከቁም ሣጥን አውጥታ ወደ ሻንጣ አይደለም፤ ከሻንጣ አውጥታ ወደ ቁም ሣጥን ነው። እትዬ እግራቸውን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ይከራከራሉ።

«አልጨረስኩም እኮ እላለሁ! ፀሐይ ገብታ ነበር።»

«እኔ ከጨረስሽ ነው ያልኩት። ስትጨርሺ ቆሜ አይቻለሁ።»

«ለእኔ ብለሽ ነው።»

«ለእነሱ ብዬ ነው» አለች ትዕግሥት። «ከዛ ሁሉ ሰው ላይ ማን ነኝ ብዬ ልውሰድሽ?»

እትዬ መነጽራቸውን ለመፈለግ ጎንበስ አሉ። ግንባራቸው ላይ ነበር። አልነገርኳቸውም፤ ፊታቸውን መደበቂያ እንደፈለጉ ስላወቅሁ ነው።

ከዛ በኋላ እግዚአብሔር ዕድሜ ሰጥቷቸው ለዓመታት ዋኙ። ሌላ ውድድር አልገቡም። በየጠዋቱ ቀሚሳቸውን ለአየለች ይሰጣሉ፣ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ስማቸው የትም መዝገብ ላይ የለም፤ አሞራ ገደል ላይ ግን ስለዛ እሑድ የማያወራ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም።

አርባቸው በወጣ ማግስት ትዕግሥት በጠዋት ደወለችልኝ። ስልኩን ስሰማ መርዶ መስሎኝ ነበር። «ጋሽ ደረጀ፣ ቁርስ በልተዋል?» አላለችኝም፤ «ወደ ሐይቁ ይመጣሉ?» ነው ያለችኝ። ስደርስ አሞራ ገደል ገና አልተሟሟቀም። አየለች ከእትዬ ሐዘን ገና አልተመለሰችም፣ ቦታዋ ባዶ ነው። ትዕግሥት ጥቁር ቀሚሷን አውልቃ የእናቷን ሹራብና ሱሪ ለብሳ ቆማለች። ሱሪው አጥሯታል።

«መዋኘት ትችያለሽ?» አልኳት።

«አልችልም። አንገቴ ድረስ ብቻ ነው የምገባው። ከውስጥ ምን እንደሚመስል ስንት ጊዜ ነገረችኝ፣ አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም።»

ጥቁር ቀሚሷን በእጇ ይዛ ዙሪያዋን አየች፤ የት እንደምታስቀምጠው ግራ ገብቷታል። መሬቱ የዓሣ ቅርፊትና ጭቃ ነው። ሄጄ የማርታና የአየለች ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ዘረጋሁ፣ ቀሚሱን ተቀበልኳት፣ እንዳየሁት አጣጥፌ ጭኔ ላይ አደረግሁት።

«ሂጂ» አልኳት። «ልብስሽ እኔ ጋ ነው።»